ትንሿ ጀልባ

የሸራ ጀልባ እንዳለን ለናይሮቢ ወዳጆቻችን በነገርናቸው ጊዜ ሁሉም የጠየቁን ስለ ትልቋ ነበር። ርዝመቷ ስንት ነው? ስንት ሰው ታሳድራለች? ማዕበል ሲነሣ ምን ትሆናለች? ዛንዚባር በስንት ቀን ታደርሳለች? ከመካከላቸው አንድም ሰው «ለመሆኑ ከዳርቻው ተነሥታችሁ እስከ እርሷ ድረስ በምን ትሄዳላችሁ?» ብሎ አልጠየቀንም። እኔም ብሆን ዕድሜዬን በባሕር ዙሪያ የፈጀሁ ሰው ሆኜ ሳለ፣ ይህን ጥያቄ ለራሴ በቅጡ ያቀረብሁት ባለቤቴን ለሕንድ ውቅያኖስ ላስረክባት ጥቂት ከቀረኝ በኋላ ነው።

ነገሩን ባሕር ላልለመደ አንባቢ ላብራራ። እንደ ኪሊፊ ባለ ወሽመጥ ውስጥ የሸራ ጀልባ እንደ መኪና በር ላይ አትቆምም። ከሆዷ ሥር ወደ ታች የሚወርድ ከባድ ክንፍ አላት፤ የእኛዋ 1 ሜትር ከ70 ያህል ውሃ ውስጥ ትገባለች። ስለዚህ ጥልቅ ቦታ ፈልጋ መልህቅ ጥላ ትቀመጣለች። ከአሸዋው እስከ እርሷ 200 ሜትር ያህል ነው። ያንን 200 ሜትር የምታሻግር ትንሽ ጀልባ ታስፈልጋለች። ፈረንጆቹ «ዲንጊ» ወይም «ቴንደር» ይሏታል፤ በእኛ ቤት ስሟ «አመላላሿ» ነው። የመጠጥ ውሃውን በጀሪካን፣ የጋዙን ሲሊንደር፣ ከገበያ የተገዛውን ሽንኩርትና ማንጎ፣ የታጠበውን ልብስ፣ እንግዳውንም በሽተኛውንም የምትሸከመው እርሷ ናት። ትልቋ ጀልባ አሸዋ ላይ ስትቀረቀር እንኳ ሁለተኛውን መልህቅ ወደ ጥልቁ ወስዶ ለመጣል የምትላከው እርሷው ናት። ትልቋ ቤት ብትሆን ትንሿ የቤቱ አህያ ናት። ቤቱን መንገደኛ ሁሉ ያደንቀዋል፤ አህያዋ በሌለችበት ቀን ግን እንስራው ባዶ ነው።

ስለ ራሴ ጥቂት ልበል። በቀድሞው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ውስጥ የሞተር ክፍል ባለሙያ ነበርሁ። ምጽዋ ላይ የተጀመረው አገልግሎቴ አሰብ ላይ ተቋጨ፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. መርከቦቻችን ቀይ ባሕርን ተሻግረው የመን ሲገቡ አብረው ከገቡት አንዱ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ረጅም ነው፤ የሚያበቃው ግን በኬንያ ጠረፍ፣ የዓሣ አጥማጆችንና የእንግዳ ጀልባ ባለቤቶችን ሞተር በመጠገን ነው። ባለቤቴን ያገኘኋት ናይሮቢ ነው። የሐረር ልጅ ናት፣ ልብስ ሰፊ ናት፣ ዋና አትችልም። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ያረጁ ባለ ጀልባ ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲሰናዱ፣ ለረጅም ጊዜ የተጠራቀመውን የጥገና ሒሳቤንና ከላዩ የጨመርሁትን ጥቂት ገንዘብ ተቀብለው 34 ጫማ ርዝመት ያላትን ጀልባቸውን አስረከቡኝ። ሐሳባችን ቀላል ነበር፦ ከደቡብ የሚነፍሰው ኩሲ ጉልበቱ ሲረግብ ወደ ሰሜን ወደ ላሙ፣ ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው ካስካዚ ሲተካ ደግሞ ወደ ደቡብ ወደ ፔምባና ወደ ዛንዚባር፤ የስዋሂሊ ሰዎች በዳውና በማሹዋ ለብዙ መቶ ዓመታት እንዳደረጉት።

ለትልቋ ገመድና ሸራ ስገዛ ገንዘቤ አለቀ። በተረፈኝ ሳንቲም ከሞምባሳ አንድ ሱቅ በአየር የምትነፋ የፒቪሲ ጀልባ ገዛሁ፤ ርዝመቷ 2 ሜትር ከ30፣ ወለሏ በጨርቅ ላይ የተደረደረ የእንጨት ርብራብ ነው። ሻጩ ለሐሩር አገር የተሠራች መሆኗን ማለልኝ። ተጠቅልላ ከረጢት ውስጥ ትገባለች፤ ይህ ብቻ ነበር በጎ ጠባይዋ። ሁለት ዓመት ፀሐይ ከመታት በኋላ ቆዳዋ እንደ ቀለጠ ከረሜላ እጅ ላይ የሚጣበቅ ሆነ፤ መገጣጠሚያዎቿም ከዳር ከዳር መላቀቅ ጀመሩ። እኔም ለጥፌ፣ አሽጌ፣ ነፍቼ «ገና ታገለግላለች» እያልሁ ቆየሁ። ባለ ሙያ ሲሰንፍ ስንፍናውን ቁጠባ ብሎ ይጠራዋል።

ያ ቀን በሰኔ ወር፣ ሙሉ ጨረቃ የምትወጣበት ነበር። ሞምባሳ ክርስትና ተጠርተን ውለን ስንመለስ ጀምበር ልትጠልቅ ተቃርባለች። ባለቤቴ የሐበሻ ቀሚሷን እንደ ለበሰች፣ በፌስታል የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ እቅፏ ውስጥ ይዛ ከፊት ተቀመጠች። በዚህ ጠረፍ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ሙሉ ጨረቃና የጨረቃ ጠፍ ሲሆን ልዩነቱ ከ3 ሜትር ይበልጣል። ምጽዋ ላይ ከ1 ሜትር ብዙም የማያልፍ ሙላት ለለመደ ሰው ይህ ሌላ ዓለም ነው። ያ ሁሉ ውሃ ከወሽመጡ የሚወጣው በጠባቡ አፍ በኩል ስለሆነ፣ በስድስቱ ሰዓት አጋማሽ ላይ ወሽመጡ ወንዝ ይሆናል። እኛ የተነሣነው ልክ በዚያ ሰዓት ነበር።

ከመንገዱ ግማሽ ላይ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስሎ ጠፋ። ነዳጁ ውስጥ ውሃ ነበረበት። የሰውን ሞተር ስጠግን የኖርሁ ሰው የራሴን ቤንዚን አላጠለልሁም። መቅዘፊያዎቹን አወጣሁ፤ ለአሻንጉሊት የተሠሩ የሚመስሉ፣ ከሁለት ቁራጭ የሚቀጣጠሉ የፕላስቲክ ዱላዎች ናቸው። በኃይል ስስብ ጀልባዋ ወደ ፊት በመሄድ ፈንታ መሐሏ ላይ ታጠፈች። ነፋሱ ከባሕር ወደ ውስጥ፣ ውሃው ከውስጥ ወደ ባሕር ይሄዳሉ፤ ሁለቱ በሚጋጩበት ላይ አጭርና ቀጥ ያለ ሞገድ ይነሣል፤ እያንዳንዱም በባለቤቴ ጭን ላይ ይፈስሳል። በትልቋ ጀልባችን አጠገብ፣ ከ15 ሜትር በማይበልጥ ርቀት አለፍን። ጠዋት ሳላጠፋት የወጣሁት የወጥ ቤት መብራት በመስኮቱ ትታየኝ ነበር። የምጥለው መልህቅ የለኝም። በግራ በኩል ያለው ቱቦ መሟሸሽ ጀመረ። የኪሊፊ ድልድይ በላያችን አለፈ፤ ከድልድዩ ማዶ የወሽመጡ አፍ፣ ከአፉ ማዶ ሞገድ የሚሰበርበት የኮራል ድንጋይ ነው።

ባለቤቴ አልጮኸችም። ዳቦውን አጥብቃ እንደያዘች ፊቴን ብቻ ትመለከት ነበር። ከጩኸት ይልቅ የሚከብድ ዝምታ መኖሩን ያኔ ነው ያወቅሁት።

ያወጡን አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ከማንጎ ግንድ በተፈለፈለች ጠባብ «ሆሪ» ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠው፣ በአንድ አጭር መቅዘፊያ ብቻ፣ ምንም ሳይቸኩሉ መጡ። ገመዳችንን ወስደው ከውሃው ጋር አልታገሉም፤ በሰያፍ ወደ ዳር ወሰዱን፤ ማንግሮቩ ሥር ውሃው ቆሞ ነበር። «ፖሌ ሳና» አሉን፤ ከዚህ ሌላ ቃል አልተናገሩም። ይህን ቃል ስዋሂሊ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል፤ «አይዞህ» ነው፣ «አዝናለሁ»ም ነው፣ በእርሳቸው አፍ ደግሞ «እንዲህ ባለው ነገር ማን ተቀመጡ አላችሁ?» የሚልም ነበረበት።

በዚያ ሌሊት መሬት ላይ አደርን። ባለቤቴ ጨው የጠጣውን ዳቦ ፌስታሉን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና፣ «አንተ ሰው፣ በትልቋ እሄዳለሁ፤ ቃሌን አላጥፍም። ወደ ትልቋ የምታደርሰኝን ግን ከእንግዲህ የምመርጠው እኔ ነኝ» አለች። ቀጥላም ወረቀትና እርሳስ አምጣ አለችኝ። ልብስ የምታሰፋ ሴት መጥታ «ቀሚስ ስፊልኝ» ስትላት መጀመሪያ የምታደርገው ይህንኑ ነው፤ ጨርቅ አታወርድም፣ ትለካለች።

የለካችው ይህ ነው። ዕድሜያችን ሁለታችንም ከስድሳ አልፏል። የእርሷ ቀኝ ጉልበት አይታጠፍም። ሁለታችን ተባብረን፣ የምሰሶውን መዘውር ተጠቅመን፣ የምናነሣው ክብደት ከ50 ኪሎ አይበልጥም። በትልቋ ጀልባ የፊት መድረክ ላይ ከምሰሶው እስከ መልህቁ መጠቅለያ ያለው ባዶ ቦታ 2 ሜትር ከ80 ነው፤ ከዚያ የምትረዝም ትንሽ ጀልባ ማደሪያ የላትም። እየጎተትናት እንዳንሄድ ወሽመጥ ውስጥ ይቻላል፣ ከኮራሉ ውጭ ግን አይሞከርም፦ በሞገድ ስትገፋ መጥታ ኋላችንን ትመታለች፣ ወይ ውሃ ሞልታ ገመዱን ትበጥሳለች፣ ወይም ገመዷ ከትልቋ ሞተር ላይ ይጠመጠማል። «ሞተሩ ሲጠፋስ?» አለችና የመጨረሻውን ጻፈች፤ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

እኔ ግን ልቤ ቀድሞ መርጦ ነበር። የእንጨት ጀልባ እፈልግ ነበር። ምጽዋ ላይ ወጣት ሆነን፣ ገና ሞተር ሳንነካ፣ ከእንጨት በተሠሩ ረጃጅም ጀልባዎች ላይ በጥንድ በጥንድ ተቀምጠን ቀዘፋ እንለማመድ ነበር። እጃችን ቆስሎ፣ ጀርባችን በጨው ተላልጦ፣ ሁሉም መቅዘፊያ በአንድ ጊዜ ውሃ ሲነካና ጀልባዋ ከሥራችን ተምዘግዝጋ ስትወጣ የሚሰማው ነገር እስካሁን በሰውነቴ ውስጥ አለ። እዚህ ኪሊፊ ደግሞ እጃቸው የተባረከ የጀልባ አናጺዎች፣ ፉንዲዎች፣ አሉ። ከእንጨት የተሠራች ጀልባ የኮራል ድንጋይ ቢቧጭራት ቀለም ነው የምትፈልገው፤ ፀሐይ አያሟሟት፤ ብትሰበር በማንኛውም የጠረፍ መንደር መዶሻና ሚስማር የያዘ ሰው ይጠግናታል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ለባለቤቴም የሮበርትሰንን ቤተሰብ ታሪክ ነገርኋት። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1972 ከጋላፓጎስ ደሴቶች ወደ ምዕራብ ሲጓዙ «ሉሴት» የተባለችውን መርከባቸውን ገዳይ ዓሣ ነባሪዎች መትተው አሰመጧት። ስድስት ሰዎች ነበሩ። በአየር የተነፋው የነፍስ አድን ታንኳቸው ከሁለት ሳምንት በላይ ካገለገለ በኋላ ከዳቸው፤ ከዚያ በኋላ ስድስቱም ወደ 3 ሜትር ገደማ በምትረዝም፣ «ኤድናሜር» በምትባል የፋይበርግላስ አመላላሽ ጀልባ ውስጥ ተጨናንቀው ቆዩ፤ በ38ኛው ቀን የጃፓን ዓሣ አጥማጅ መርከብ እስኪያገኛቸው ድረስ የዝናብ ውሃና የኤሊ ደም እየጠጡ ኖሩ። ትንሿ ጀልባ ዛሬ በእንግሊዝ አገር ኮርንዎል በሚገኘው የባሕር ሙዚየም ትታያለች። ታሪኩን በትጋት ተረኩ፤ የተረኩትም ለእንጨት ጀልባዬ ጠበቃ እንዲሆነኝ ነው። ባለቤቴ በጥሞና አዳምጣ፣ «እኔ ሠላሳ ስምንት ቀን ልቆይባት አይደለም፤ ሁለት መቶ ሜትር ልሻገርባት ነው» አለች።

የሆነ ሆኖ ከጎረቤት አንዲት 2 ሜትር ከ40 የሆነች የእንጨት ጀልባ ተውሰን ሞከርን። ቀዘፋዋ እንደ ቢላዋ ነው፤ በአንድ መሳብ ሦስት ሜትር ትሄዳለች። ከትልቋ ጎን አስጠጋሁና ባለቤቴ ከመሰላሉ ላይ ወደ ታች እግሯን ዘረጋች። ጠርዙን ገና ስትረግጥ ጀልባዋ ወደ እርሷ ተጋደመች፤ የሚታጠፈው ጉልበት ቢሆን ኖሮ ወደ መሐል ትዘል ነበር፤ የማይታጠፈው ግን ባለበት ቀረ። ደግፌ ያዝኋት፤ ቅልጥሟ ግን ከጠርዙ ተላግቶ ተላጠ። ቀና ብላ አላየችኝም፤ ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ሰረዘች። እኔም ያቺን የምጽዋ ጀልባ በልቤ ወደ ነበረችበት መለስኋት።

ስለ ሸክም ስንነጋገር ደግሞ ለሰላሳ ዓመት ያልነገርኋትን ነገር ነገርኋት። አሰብ ላይ በመጨረሻዎቹ ቀናት፣ በሌሊት፣ ከዳርቻው ውጭ ወደ ቆመችው መርከባችን ሰው እናመላልስ ነበር። ጀልባዋ ለስምንት ሰው የተሠራች ነበረች። በመጨረሻው ጉዞ ላይ አሥራ ዘጠኝ ሆነን ተሳፈርን፤ ከመካከላችን ሁለት ሕፃናት ነበሩ። ከጠርዙ እስከ ውሃው የቀረው አንድ ስንዝር አይሞላም። መሪውን የያዝሁት እኔ ነኝ። አንድ ሰው ቢያስነጥስ የምንገለበጥ ይመስለኝ ነበር። ባሕሩ እንደ መስታወት ተኝቶ ስለነበረ ብቻ ደረስን፤ በእኔ ብልሃት አይደለም። ከዚያ ወዲህ በማንኛውም ጀልባ ላይ ስወጣ ዓይኔ መጀመሪያ የሚፈልገው ከኋላዋ ግድግዳ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ሳህን ነው፤ ስንት ሰው፣ ስንት ኪሎ፣ ስንት የፈረስ ጉልበት እንደምትችል የተጻፈባትን። ሳህኗ የምትናገረው ለተኛ ባሕር መሆኑንም አልረሳም። ባለቤቴ ይህን ከሰማች በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ፣ «ለሁለት ሰው የምንገዛት ጀልባ አራት የምትችል ትሁን» አለች። ተጻፈ።

እንግዲህ የቀረው በአየር የምትነፋው ዘር ናት፤ ያቺው የጠላናት። ነገር ግን እዚያም ዘር ከዘር ይለያል። የአየር ቱቦዎቹ ሰው ጠርዝ ላይ ሲቆም ጥቂት ወረድ ብለው ይሸከሙታል እንጂ አይጋደሙም፤ ውሃ ቢሞላባትም አትሰምጥም፤ የትልቋንም ቀለም ሌሊት እየደበደበች አትልጥም። የጠላናት ወለሏና ቆዳዋ እንጂ ሐሳቧ አልነበረም። ወለሉ ጠንካራ ሲሆን፣ ከፋይበርግላስ ወይም ከአሉሚኒየም የተሠራና ከፊት እንደ መርከብ የሾለ ሲሆን፣ ጀልባዋ ሌላ ፍጥረት ትሆናለች፤ መሐሏ አይታጠፍም፣ አቅጣጫዋን ትጠብቃለች፣ አሸዋና ድንጋይ ላይ ስትወጣ የሚፋቀው ጨርቅ ሳይሆን ብረት ነው። ዋጋው ክብደት ነው። የፋይበርግላሱ ወለል ተመሳሳይ ርዝመት ካለው ከአሉሚኒየሙ አሥር ኪሎም ከዚያ በላይም ሊበልጥ ይችላል፤ ለእኛ ዕድሜ አሥር ኪሎ ማለት ጀልባዋን በየማታው በማንሣትና «ዛሬስ ትደር» በማለት መካከል ያለው ልዩነት ነው። ውሃ ላይ ታስራ ያደረች ጀልባ ደግሞ ጠዋት ከነሞተሯ ላትገኝ ትችላለች።

ስለ ቆዳው ጠንቅቄ መናገር እችላለሁ፤ በገንዘቤ ተምሬዋለሁና። ርካሹ ፒቪሲ ነው፤ ቀዝቃዛ አገር ላይ ደኅና ያገለግላል፤ ከምድር ወገብ በታች ግን ፀሐይ ማለስለሻውን ከውስጡ እየመጠጠች ታወጣውና መጀመሪያ ይጣበቃል፣ ቀጥሎ ይሰነጠቃል። ሌላው ባሕረኞች እስካሁን «ሃይፓሎን» የሚሉት ሰው ሠራሽ ጎማ ነው። ስሙ የዱፖንት ኩባንያ ነበር፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2010 ገደማ ማምረቱን ቢያቆምም ሌሎች ያንኑ ቁስ «ሲኤስኤም» በሚለው ስም መሥራታቸውን ቀጥለዋል። ይህኛው ሲያረጅ እንደ ኖራ ይቦንናል እንጂ አይቀልጥም፤ በሐሩር አገር አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ አይቻለሁ። ዋጋው ግን የፒቪሲውን በእጅጉ ይበልጣል። አሮጌ ጀልባ የሚገዛ ሰው እጁን ይጠቀም፦ ቱቦውን በመዳፉ አሻሽቶ መዳፉ ነጭ ዱቄት ካነሣ ተስፋ አለው፤ መዳፉ ተጣብቆ ከቀረ ይሂድ።

ሞተሩ ላይ እኔና ባለቤቴ ተጣላን። እኔ የተመኘሁት 15 የፈረስ ጉልበት ነው። በዚህ ጠረፍ ላይ የምታየው ዓሣ አጥማጅ ሁሉ የሚያውቀው ባለ ሁለት ምት ያማሃ፣ ክብደቱ 36 ኪሎ ያህል፣ መለዋወጫው በየሱቁ ያለ ነው። ባለ አራት ምቱ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ድምፁም ለስላሳ ነው፤ ነገር ግን በ15 ጉልበት ወደ 50 ኪሎ ይጠጋል። የድሮዋ ባለ 2.5 ጉልበት ሞተራችን ጀልባዋን በሰው ሩጫ ያህል እንኳ አታስኬድም ነበር፤ ውሃውን እየገፋች ትሄዳለች እንጂ በላዩ ላይ አትወጣም። በላዩ ላይ ወጥቶ ለመንሸራተት ሁለት ሰው የጫነች የሦስት ሜትር ጀልባ 8 ወይም 10 ጉልበት ትሻለች። ባለቤቴ ጠየቀች፦ «የት ልትደርስ ነው የምትንሸራተተው?» ላሙ ላይ መልህቅ የሚጣልበት ቦታ ከከተማው እንደሚርቅ፣ የውሃው ጉልበትም እንዲሁ እንደሆነ አስረዳኋት። «እሺ፣ ስምንት» አለች። ገበያ ላይ እንዳለች ሴት ተከራክራ ግማሹን አስቀረችልኝ። እውነቱን ለመናገር ትክክል ነበረች፤ 27 ኪሎ የሚመዝን ባለ 8 ጉልበት ሞተር እኔ ብቻዬን ከትልቋ ጀልባ ኋላ ላይ አንሥቼ እሰቅለዋለሁ፤ 36ቱን አልችልም።

አንድ ነገር ግን እኔ ደንግጌያለሁ፤ ይኸውም ከእጅ አንጓ ጋር የምትታሰረው ቀይ ገመድ ናት። ሰውየው ከጀልባው ቢወድቅ ሞተሩን የምታጠፋው እርሷ ናት። በዚህ ወሽመጥ ሰው የወደቀባት ጀልባ ባዶዋን ክብ እየሠራች፣ በወደቀው ሰው ዙሪያ እየተመላለሰች ስትዞር አይቻለሁ። ሰውየው በሕይወት ወጣ፤ ትከሻው ላይ ግን ሞተሩ የጻፈበት እስከ ዛሬ አለ። በጀልባችን ላይ ያለዚያች ገመድ ሞተር የሚያስነሣ የለም፤ ለመቶ ሜትርም ቢሆን።

ጀልባዋን ያገኘናት በአምስተኛው ወር ነው። ወደ ማዳጋስካር የሚሄዱ ባልና ሚስት አሮጌዋን ሸጠው አዲስ ሊገዙ ነበር። ርዝመቷ 2 ሜትር ከ70፣ ወለሏ አሉሚኒየም፣ ቆዳዋ ሃይፓሎን፣ ዕድሜዋ ስምንት ዓመት። ሳህኗ አራት ሰው ትላለች። ባለቤቴ መዳፏን ቱቦው ላይ አሻሸችና ነጭ ሆኖ አገኘችው። እኔ የሳሙና ውሃ በየመገጣጠሚያው ቀባሁ፤ አንድ ቦታ፣ ከኋላ ግድግዳው ሥር፣ አረፋ አወጣች። ነፍተን ሁለት ሌሊት አሳደርናት፤ ጥቂት ብቻ ላላች። በዚያች አረፋ ምክንያት ዋጋው ላይ ተከራከርንና ተስማማን። ቆዳውን ፍቄ፣ በሁለት ንጥረ ነገር የሚደባለቀውን ማጣበቂያ ቀብቼ ለጠፍሁት። እርጥበት ባለበት ቀን ይህን ሥራ መጀመር ከንቱ ድካም ነው፤ ካስካዚ የሚነፍስበት ደረቅ ጠዋት እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ።

ባለቤቴ ለቱቦዎቹ ከወፍራም ሸራ ልብስ ሰፋችላቸው፤ ፀሐይ እንዳያገኛቸው። ለሙሽራ ቀሚስ የምትጠነቀቀውን ያህል ተጠንቅቃ ነው የሰፋችው፤ በዳሩ ላይ የሐረር ቅርጫት የሚመስል ቀይና አረንጓዴ ጥለት ጨመረችበት፤ እስካሁን በወሽመጡ ጀልባችን የምትታወቀው በዚያ ነው። እኔ ፉንዲው ዘንድ ሄጄ ሁለት ሜትር ርዝመት ያላቸው የእንጨት መቅዘፊያዎች አሠራሁ። ከነአየር ቱቦዋ ቀዘፋዋ መቼም እንደ እንጨቷ አይሆንም፤ ግን መቅዘፊያው እውነተኛ ሲሆን ክንድም እውነተኛ ሥራ ይሠራል። ትንሽ ተጣጣፊ መልህቅ፣ 2 ሜትር ሰንሰለትና 30 ሜትር ገመድ ከፊት ገቡ። ከኋላዋም ሁለት ጎማ አበጀሁላት፤ ጠዋት ውሃ ዳር ያሰርሃት ጀልባ ከሰዓት በኋላ ከውሃው መቶ እርምጃ ርቃ ጭቃ ላይ ተኝታ የምታገኝበት ጠረፍ ነውና።

ባለቤቴ ግን ገንዘቡን ከፍለንም ምርጫው ገና አላለቀም አለች። ሙሉ ጨረቃ እስክትመጣ ጠበቀች፤ ውሃው በኃይል በሚወጣበት ሰዓት፣ የነፍስ አድን ጃኬቷን አጥብቃ አስራ፣ ያንኑ ቦታ ተቀመጠች። «ሞተሩን አጥፋ» አለች። አጠፋሁ።

ቀዘፍሁ። ባለኝ ኃይል ሁሉ ወደ ትልቋ አቅጣጫ ቀዘፍሁ፤ ማንግሮቩን ስመለከት ግን ወደ ኋላ እየሄድን ነበር። ባለቤቴ ሰዓቷን እያየች ሦስት ደቂቃ ተወችኝ፤ ከዚያ መልህቁን ራሷ አንሥታ ጣለችው። ገመዱ ሮጠ፣ ተወጠረ፣ ጀልባዋ ፊቷን ወደ ውሃው አዙራ ቆመች። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ትንፋሼ ሲመለስ፣ ያ ሽማግሌ እንዳደረጉት፣ መልህቁን አንሥተን በሰያፍ ወደ ዳር ቀዘፍሁ፤ በማንግሮቩ ሥር፣ በረጋው ውሃ፣ ከትልቋ በላይ እስክንደርስ ወጣን፤ ከዚያም ራሳችንን ለውሃው ሰጥተን ወደ እርሷ ወረድን። ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። ባለቤቴ የማይታጠፈውን እግሯን ቱቦው ላይ አደረገች፣ ቱቦው ወረድ አለላት፣ መሰላሉን ያዘችና ወጣች።

ባለፈው ዓመት የኩሲው ጉልበት ሲረግብ ወደ ላሙ ሄድን። ትንሿ አየሯ ተንፍሶ፣ በፊት መድረኩ ላይ በግንባሯ ተደፍታ፣ በአራት ማሰሪያ ታስራ ተጓዘች። ሼላ ፊት ለፊት መልህቅ ጣልን። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወገቤን ስለያዘኝ ተኝቼ ሳለሁ የሞተር ድምፅ ሰማሁ። ብቅ ስል ባለቤቴ ቀዩን ገመድ እጇ ላይ አስራ፣ ዘንቢሏን ፊት ለፊቷ አኑራ ወደ ከተማው እየሄደች ነበር። ወደ ኋላ አልዞረችም።

ሙሉ ቀን ብቻዬን ዋልሁ። ቡና አልቋል፤ ቡናው መሬት ላይ ነው። ስልኬ ካርድ የለውም፤ ካርዱ መሬት ላይ ነው። ዙሪያዬን ውሃ ከብቦኛል፣ የምሻገርበት የለኝም። የጥንቱን ባሕረኛ ቢያዩት ወዳጆቹ ምን ይሉ ነበር እያልሁ መድረኩ ላይ ወዲያና ወዲህ ተመላለስሁ። የላሙ አህዮች ዳርቻው ላይ ድንጋይና አሸዋ ጭነው ሲያልፉ እያየሁ ሰዓት ቆጠርሁ።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ መጣች። ውሃው ወደ ውጭ መሄድ ስለጀመረ በቀጥታ አልመጣችም፤ ከእኛ በላይ በዳሩ ወጥታ፣ ሞተሩን ዝቅ አድርጋ፣ በውሃው ላይ ቀስ ብላ ወረደች። ዘንቢሉ ሞልቷል። ከጎናችን ስትደርስ ቀዩን ገመድ ሳትፈታ የማሰሪያውን ጫፍ ወረወረችልኝ።

«ያዝ እንጂ፤ ምን ቆመህ ታያለህ?» አለችኝ።